በሁለት ክብሪት የሄደው መዝገብ

ሰው በገዛ እጁ ጽሑፍ ሲደነግጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ቅዳሜ ጠዋት እኔን ብታዩኝ ኖሮ ታውቁ ነበር። ያውም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ከሱቅ የመጣውን ስኳር ወደ ጣሳው ልገለብጥ መጠቅለያውን ስፈታ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ ዓይኔን ሳበው። «አቤት እጅ!» አልኩ ለራሴ። «በዚህ ሠፈር እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ከእኔ ሌላ ማን አለ?» ማንም አልነበረም። የእኔው ጽሑፍ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሠፈሩ ኮልፌ። እኔ በሥራ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ገልባጭ ነኝ፤ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ የሠፈራችን የችግረኞች መርጃ ማኅበር ጸሐፊ። ደመወዝ የለውም፣ ክብር ግን አለው። ሠፈርተኛው «ጸሐፌ ትእዛዝ» ይለኛል። ለማሾፍ እንደሆነ አላጣሁትም። ቢሆንም ሲጠሩኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው አቤት የምለው።

ማኅበራችን ትንሽ ናት። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ እስላሙም አለባት። ላጣ ስንዴ፣ ለበረደው ብርድ ልብስ፣ ለታመመ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን የአውቶቡስ ትኬት እንሰጣለን። የምንኮራው ግን በምንሰጠው አልነበረም፤ ምስጢር በመጠበቃችን ነበር። ችግር ያለበት ሰው ይሉኝታም አለበት፤ የጎረቤቱን ዓይን ከሚያይ ጦሙን ቢያድር የሚመርጥ ስንት አለ! ስለዚህ ስንዴው በጓሮ በር ይገባል። መዝገቡ ደግሞ ባለ ሦስት ቁልፍ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዱ ቁልፍ ሊቀመንበራችን ባላምባራስ ይርጉ ዘንድ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ዘንድ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ነው። ሦስታችንም ካልተገናኘን አይከፈትም። አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዡ ለልቅሶ ወሊሶ ሄዶ ቁልፉን ይዞት ኖሮ አራት ቀን ሙሉ ስንዴ ሳናድል ቀረን። ሰው ተራበ፣ ምስጢር ግን አልወጣም ብለን ተጽናናን።

እኔ ደግሞ ስጽፍ አልቆጥብም፤ አመሌ ነው። የሰውየውን ስምና ቤቱን ጻፍ ሲሉኝ፣ ሚስቱ ለምን ጥላው እንደሄደች ጨምሬ እጽፋለሁ። ወንድሙ በምን እንደታሰረ፣ ልጁ የማን እንደሆነ፣ በሽታው ከየት እንደጀመረው ሁሉ እጽፋለሁ። ከሁሉ የባሰውን፣ «ይህ ለማንም እንዳይነገር» የተባልኩትን ደግሞ ማንም እንዳያነበው ብዬ በቀይ ቀለም አሰምርበታለሁ። አሁን ሳስበው፣ ሰው እንዳያየው የፈለገውን ነገር በቀይ የሚያሰምር ከእኔ ሌላ ፍጡር ይኖር ይሆን?

የዚያን ዓመት ክረምት ጣራው አፍስሶ የመዝገቡ ዳር ራሰ። ባላምባራስ አዲስ ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ ገዝተው፣ «ገልብጥና አሮጌውን አቃጥለው» አሉኝ። በሁለት ሳምንት ገለበጥኩ። አዲሱን ሦስታችን ቆመን፣ ሦስቱን ቁልፍ አዙረን ቆለፍንበት፤ ባላምባራስ ጸሎት ቢጤም አደረሱ። አሮጌውን ነገ አቃጥለዋለሁ ብዬ ቤቴ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ያ «ነገ» ሦስት ሳምንት ሆነው።

እና ያን ቅዳሜ ስኳሩን ይዤ ቆሜ ባለቤቴን ተጣራሁ።

«በለጥሽ! ቁም ሣጥኑ ላይ የነበረው ደብተር የት አለ?»

«ያ ዳሩ የሻገተው? ለዓመት በዓል ቤት ሳጸዳ ለሸምሱ ሰጠሁት። መጠቅለያ አልቆብኛል ሲል ነበር።»

«ዝም ብለሽ ሰጠሽው?»

«ምን ቆርጦኝ! ሁለት ክብሪት ተቀብያለሁ።»

ልብ በሉልኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ላቃጥለው ያልኩትን መዝገብ ሚስቴ በክብሪት ለወጠችው። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን በማን ላይ? የአብዬን ወደ እምዬ ነው የሚሆነው። 

ያኔ ሦስቱም ቁልፍ፣ ባላምባራስም፣ ክብሬም ከሐሳቤ ጠፉና አንዲት ሴት ብቻ ፊቴ ላይ ድቅን አለች፤ አስካለ። አስካለ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን ዳቦ ጋግራ በመሸጥ የምታሳድግ ጎረቤታችን ናት። ጠዋት ጠዋት ፌርማታው አጠገብ ቅርጫቷን ይዛ ትቀመጣለች፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሁሉ ከእሷ ሳይገዛ አይሳፈርም። ካቻምና የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ነበር። ሐኪም ቤት እየተመላለሰች መድኃኒቷን ጨርሳ፣ «ድነሻል» ተብላ ወጥታለች። ለሠፈሩ ግን ያኔ አክስቷ ዘንድ ሰንብታ የመጣች ነው የመሰለው። ይህንን የሚያውቁ ሐኪሞቹ፣ ማኅበሩና እግዜር ናቸው። ሰዉ ቢሰማ «ድናለች» የሚለውን ማን ይሰማል? «ነቀርሳ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ነው የሚሮጠው። ከዚያ በኋላ ከእጇ ዳቦ የሚገዛ አይኖርም፤ ልጆቿም አብረው ይራባሉ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ከነመድኃኒቱ ስም በሚያምር ጽሑፌ አስፍሬ፣ ሁለት ጊዜ በቀይ አስምሬበታለሁ!

በነጠላ ጫማ ወጥቼ ሮጥኩ። ሸምሱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ምስማር ይቆጥራል። መዝገቤ ሚዛኑ አጠገብ ተጋድሟል፣ ጎኑ ተቦጭቋል።

«ሸምሱ፣ ያን ደብተር መልስልኝ!»

«ጋሼ፣ ተለዋውጠናል እኮ። ክብሪቱን ለኩሳችሁታል።»

«ሌላ ወረቀት አመጣልሃለሁ!»

«የዚህን ያህል ወፍራም ይሁን እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ? ማንበብ እንደሆነ አልችልም፤ ለእኔ ወረቀት ሁሉ አንድ ነው።»

ቤቴ ተመልሼ ያገኘሁት ወፍራም ደብተር አንድ ብቻ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ግጥም የጻፍኩበት። ሳመነታ ቆየሁ ብል ውሸት ነው። የአስካለን ቅርጫት አሰብኩና ወስጄ ሰጠሁት። በነገራችን ላይ ከዚያ ደብተር አንዲት ቅጠል ፈልጎ ወይም ይዞ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ቅጠሎቹን ሁሉ ቁጥር ሰጥቻቸው ስለነበር የጎደለውን ለማወቅ አልተቸገርኩም። ስድስት ጎድለዋል። አንዱ ስኳር ይዞ እኔ ቤት ገብቷል። ከቀሩት አምስቱ አንዷ ዐሥራ ሰባተኛዋ ናት፤ የአስካለ። እንግዲህ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ምድር ብትገለበጥ አምስቱንም ሰብስበህ ሳታበቃ ቤትህ አትገባም አልኩት ለራሴ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ዘንድ ሁለቱም ተገናኝተዋል።

ሸምሱ ለማን ምን እንደሸጠ አይረሳም። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አንድ በአንድ ነገረኝ፤ የትኛው ቅጠል የት እንደሄደ ግን እሱም አያውቅም።

የመጀመሪያው ሃምሳ አለቃው ቤት ነበር። ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ጢማቸው ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ትናንት ቡና የተጠቀለለበት ወረቀት እርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆን?»

«ቡናውን ነው የፈለግኸው?»

«ኧረ ወረቀቱን።»

«ከሰል አቀጣጠልኩበት።»

«አመዱን ላየው እችላለሁ?»

ሃምሳ አለቃ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ቤትህ ሁሉ ሰላም ነው?» አሉኝ። ሰላም ነው ብዬ ምድጃቸው ሥር ተንበረከክሁ። ጥቁር ሆኖ ከተኮማተረው ላይ የቁጥሩ ቦታ ተርፎ ኖሮ፣ ዘጠነኛው ቅጠል መሆኑን ለየሁ። ሃምሳ አለቃ ሽማግሌ እንላክበት እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። አራት ቀረኝ።

ሁለተኛው እማማ ጥሩነሽ ቤት ላምባ ጠርሙስ ላይ ተወትፎ ተገኘ። «ውታፌን ከነቀልክብኝ ላምባዬ ተንኖ ያልቅብኛል» ብለው ጠርሙሱን ታቅፈው አልለቅ አሉ። መሐረቤን አውጥቼ ወተፍኩላቸው። ወረቀቱ ላምባ ጠጥቶ ጽሑፉ ከወዲያም ከወዲህም ይታያል፤ አገላብጬ አየሁት፣ የአስካለ አይደለም። ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ የቀረብኩት ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዝ ጀመር።

ሦስተኛውን ለውዝ ሲበላበት የነበረ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ወስዶታል። አውቶቡሱ ወደ ጦር ኃይሎች ወርዷል፤ እኔም በሚቀጥለው ወረድኩ። ትኬት ቆራጩን አግኝቼ ብጠይቀው፣ «መቀመጫ ሥር ጣልኩት መሰለኝ» አለኝ። ገብቼ በአራት እግሬ እየዳሁ መቀመጫ መቀመጫው ሥር መፈለግ ያዝኩ። አንዲት ወይዘሮ «ኡ! ኡ! ሌባ!» ብለው በጃንጥላ ጀርባዬን ሁለት ጊዜ አቀመሱኝ። በሁለተኛው ምት ወደ ፊት ስደፋ እጄ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ጫማ ረግጦታል እንጂ ቁጥሩ ይነበባል፤ እሱም የአስካለ አይደለም። ወይዘሮዋን አመስግኜ ወረድኩ፤ ይበልጥ ፈሩኝ መሰለኝ።

አራተኛው አንድ ጎረቤታችን ዘንድ ነበር። ቅጠሉን እንኳ አንድ ጊዜ አንብቦታል፤ ስለሌላ ሰው ስንዴ ነው፣ ቁጥሩም ሃያ አንድ ነበር አለኝ። ከዚያ በኋላ የት ይዞት እንደሄደና ለምን ሥራ እንዳዋለው ሲነግረኝ ፍለጋውን እዚያው አቆምኩ። ማኅበሩም ቢሆን ከዚያ በላይ እንድከተለው የሚጠይቀኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ አንድ ቀረ። ዐሥራ ሰባተኛው። ጨው ተጠቅልሎበት የሄደውም፣ ዕድሌን ተመልከቱልኝ፣ እትዬ ደብሪቱ ቤት ነው!

እትዬ ደብሪቱን ሠፈሩ በሌሉበት «ነጋሪት» ይላቸዋል። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተጣላ፣ የማን በሬ እንደጠፋ ከእሳቸው ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው ካወሩት በኋላ ደግሞ ማንም አልሰማሁም ሊል አይችልም። ድምፃቸው እንደሆነ አጠና ተራ ላይ ሲያስነጥሱ ቀራንዮ ላይ ይማርዎት ይባላል። ደጃቸው ደረስኩ። በራፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ።

«እንዴት ዋሉ እትዬ ደብሪቱ? ትናንት ጨው...»

«እሰይ መጣህልኝ!» አሉና ከመቀነታቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «እኔም ሰው ልልክብህ ነበር። ይኸው ጨው ተጠቅልሎበት መጣ። ቀይ ቀለም አለው፤ የመንግሥት ይሆን ብዬ ፈራሁ። አንተ የተማርክ ነህ፣ በል አንብብልኝ።»

ተመስገን አምላኬ! ማንበብ አይችሉም! ወረቀቱን ለመቀበል እጄን ስዘረጋ ግን ጫፉን ያዝ አድርገው አልለቅም አሉ። እንግዲህ እሳቸው በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን ላነብ ሆነ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ፊት ለፊቴ «ወይዘሮ አስካለ፣ የሳንባ ነቀርሳ» ይላል። እኔ ግን እንዲህ ብዬ አነበብኩ።

«ማስታወቂያ። ለኮልፌ ነዋሪዎች በሙሉ። ዝናቡ ገና ስላላባራ ቦይ ጥረጉ።»

«ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ቦይ ጥረጉ ነው?»

«ቦዩ ብዙ ነዋ፣ እትዬ። የላይኛው ቦይ፣ የታችኛው ቦይ፣ የመስጊዱ ቦይ...»

«እሺ፣ ቀጥል።»

 ቦይ አለቀብኝ። ስለ ውሻ አነበብኩ፣ ስለ አጥር አነበብኩ፤ መጨረሻ ላይ ቆረጥኩና ድምፄን አከበድኩ። «ይህ ወረቀት በእጁ የተገኘ ሰው ሦስት ቀን ፍርድ ቤት እየቀረበ ከየት እንዳገኘው ያስረዳል።»

«ሦስት ቀን!» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ወረቀቱን ግን አልለቀቁም። ጣታቸውን በቀዩ መስመር ላይ አሳረፉ። «ይሄ ቀዩስ ምን ይላል?»

ደብዳቤ ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሕይወቴን በሙሉ ከተጻፈው አንዲት ፊደል ጎድሎብኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ።

«ቀዩ... ቶሎ ለጸሐፊው ይመለስ ነው የሚል።»

ረዘም አድርገው አዩኝ። «ቶሎ ለጸሐፊው ይመለስ» ሲሉ ደገሙት። «እንግዲያ ትእዛዝ ነው፤ እንካ።» ለቀቁልኝ። እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ቤቴ ስገባ ከእነዚያ ከሁለቱ ክብሪቶች አንዱን ከፈትኩና ያን ቅጠል፣ ከዚያም የተገኙትን ሁሉ ከነመዝገቡ ግቢው መካከል አነደድኩ። በለጥሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይኸው፣ ክብሪቱም ጠቀመ» አለች። 

እሑድን እንደምንም ውዬ ሰኞ በጠዋት ፌርማታው ደረስኩ። ሥራዬ በሌላ አቅጣጫ ነው፤ የሄድኩት ግን አስካለን ለማየት ነው። ቅርጫቷ ሞልቷል። ሰዉ አውቶቡስ እየጠበቀ ቆሟል፣ የሚገዛት ግን የለም። አንዴ ወደ ሰዉ፣ አንዴ ወደ ቅርጫቷ ታያለች። «አለቀ፣ ወጥቷል» አልኩ።  እንደዚያን ጊዜ ራሴን ጠልቼ አላውቅም። በዚያች ሰዓት ደግሞ እትዬ ደብሪቱ ከወዲያ ማዶ ብቅ አሉ።

በቀጥታ ወደ አስካለ ሄዱ። አንድ ዳቦ አነሱ፣ ቆርሰው ጎረሱ፣ ሰዉ ፊት ቆመው አላመጡ። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ።

«አንቺ አስካለ! ይሄ ዳቦ ዛሬ ምን ጨምረሽበት ነው እንዲህ የጣፈጠ? ሦስት ስጪኝ! ምን ታፈጣላችሁ እናንተ፣ ሳያልቅባችሁ ግዙ እንጂ!»

«ዘግይታ መጥታ እኮ ነው፤ አሁን ገና ቅርጫቷን ማስቀመጧ ነው» አለ አንዱ። ሰዉ ተጋፍቶ መግዛት ጀመረ። ለካ ዝም ብሎ የቆመው ሌላ ነገር ሰምቶ አልነበረም! እኔ አውቶቡስ ማቆሚያው ምሰሶ ላይ ተደግፌ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። እትዬ ደብሪቱ ዳቦዎቻቸውን አቅፈው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ፤ አንሾካሾኩ።

«ቀዩ እንኳ የሚለው ሌላ ነበር።»

«ያ... ያነባሉ እንዴ?»

«የማታ ትምህርት ቤት ፊደል ስቆጥር ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንተ ብቻ ነህ የምትማር?»

«ታዲያ ለምን አንብብልኝ አሉኝ?»

«ታነበው እንደሆነ ላይህ ነዋ! አንብበኸው ቢሆን ኖሮ ያን ምስር ከነሰፌዱ ራስህ ላይ እደፋልህ ነበር።»

 «ለማን ነገሩ?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁ።

ተቆጡ። «ለማን እነግራለሁ? እኔ የማወራው ሰው ራሱ በአደባባይ ያወጣውን ነው። ይሄ እኮ የሰው እንጀራ ነው! ይልቅ አንተ ንገረኝ። ለሴትዮዋ የአውቶቡስ ትኬት ለመስጠት የሳንባዋ ነገር ምን ያደርግልሃል? ማን ጻፍ አለህ?»

 ማንም ጻፍ አላለኝም። እጄ ያምራል ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ለአስካለ ራሴ ሄጄ ነገርኳት። ወረቀቱ ከእጄ እንደወጣ፣ አንድ ሰው እንዳነበበው፣ ያም ሰው እንደማይናገር፣ አሁን ደግሞ ወረቀቱ እንደተቃጠለ። ይቅር አለችኝ ብል ዋሾ ነኝ። አንድ ወር ሙሉ የሸጠችልኝ ያደረ ዳቦ ብቻ ነበር። አንድ ወር ሙሉ እሱን በላሁ።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ደግሞ ተነሥቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የማንን ቅጠል ማን እንዳነበበው ብቻ አልተናገርኩም። ከዚያ መዝገቡ እንደገና ይጻፍ፤ ስም፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ የተሰጠው ነገር፣ በቃ አልኩ። «ሌላውስ?» አሉ ባላምባራስ። «ሌላው አያገባንም።» በዚህ ተስማሙ። «የእኔ ቁልፍ ደግሞ ለእትዬ ደብሪቱ ይሰጥልኝ» ስል ግን ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ለነጋሪት?» አሉ ባላምባራስ እንባቸውን እየጠረጉ። «ምክንያትህን እስቲ ተናገር።»

«ምክንያቱ ምስጢር ነው።»

በሦስት ስብሰባ ሦስት ጊዜ ሳቁብኝ። በአራተኛው ሰልችቷቸው እጃቸውን አወጡ። እትዬ ደብሪቱ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። እኔም ጸሐፊነቴ ቀጠለ፤ ቀይ ቀለሜን ግን ለአንድ አስተማሪ ሰጠሁት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብለን ሌሎቹን ስንጠብቅ፣ ያ አመሌ መጣብኝና ልፈትናቸው አልኩ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ያ ጨው የመጣበት ወረቀት ግን ምን ነበር የሚል?»

ምስራቸውን እንደሚለቅሙ ሁሉ ረጋ ብለው አዩኝ።

«የምን ወረቀት?» አሉ።